ማንም ያልተሻማበት ሎክ፦ ቨርቹዋል ትሬድ ከማይኤስኪውኤል ድራይቨር ጋር ሲገናኝ

ጃቫ 21 እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሲወጣ ወሬው ሁሉ ስለ ቨርቹዋል ትሬድ ነበር። እውነትም ያስወራል። ትሬድ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሥራ ይዞ የሚሮጥ መስመር ነው፤ ቨርቹዋሉ ደግሞ ጄቪኤም (የጃቫን ኮድ የሚያስኬደው ሞተር) ራሱ በብዛት የሚፈጥረው ቀላሉ ዓይነት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በሙከራ መልክ ቆይቶ እዚህ ቨርዥን ላይ ጸደቀ፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ የጃቫ ፍሬምወርክ የሆነው ስፕሪንግ ቡት 3.2 መጣና ነገሩን ሁሉ አንድ መስመር ኮንፊግ አደረገው። መስመሩን ትሩ ታደርጋለህ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ዌብ ሰርቨሩ ቶምካት ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት የራሱን ቨርቹዋል ትሬድ ይሰጠዋል፣ የለመድናት የ200 ትሬድ ጣሪያ ትነሳለች፣ ኮድህ ውስጥ የሚቀየር ነገር የለም።

መስመሩን ጨምረው ሰርቪሳቸው ከበፊቱ የባሰባቸው ሰዎች ግን ነበሩ። በተለይ ከኋላ ያለው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል፣ ድራይቨሩ (ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ) ደግሞ ኮኔክተር ጄ 8 ከሆነ። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ ነው። ለምን እንደተከሰተ፣ ለምን ለማየት እንዳስቸገረ፣ እንዴት እንደተፈታ። የሚገርመኝ ነገሩ የሎክ (አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲይዘው የሚያደርግ ቁልፍ) ችግር ሆኖ ሳለ በሎኩ ላይ አንድም የሚጋፋ ትሬድ አለመኖሩ ነው።

መጀመሪያ ምልክቱ። ሎድ ትጨምራለህ፣ ሌተንሲው (መልስ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ) ይወጣል፣ ሲፒዩው ግን ዘና ብሎ ተቀምጧል። ዳታቤዙ ጋ ሄደህ ታያለህ፣ እሱም ሥራ ፈቷል። ስሎው ኩዌሪ የለም። የኮኔክሽን ፑሉ (ተከፍተው የሚጠብቁ የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ክምችት) አልሞላም፣ እንዲያውም አብዛኛው ኮኔክሽን ነፃ ነው። ሁሉም አካል «እኔ ደህና ነኝ» ይልሃል፣ ተጠቃሚው ግን እየጠበቀ ነው። ይባስ ብሎ ዳታቤዝ የማይነካው የሄልዝ ቼክ ገጽ (ሰርቪሱ በሕይወት መኖሩ የሚጠየቅበት) ራሱ ይዘገያል። ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ሲስተም) ላይ ከሆንክ ደግሞ ኮንቴይነሩ የሞተ መስሎት ይገድለውና ሌላ ያስነሳል፣ አዲሱም ያው ነው።

ራስህ ማየት ከፈለግህ ቀላል ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ጃቫ 21 ትጭናለህ፣ ኮኔክተር ጄ 8 ታመጣለህ፣ ፑሉን የሚያስተዳድረውን ላይብረሪ፣ ሂካሪ ሲፒን፣ 100 ኮኔክሽን እንዲይዝ ታደርገዋለህ። የማይኤስኪውኤል ዲፎልት ጣሪያ 151 ስለሆነ 100 ይበቃሃል። ሁሉም ኮኔክሽኖች እስኪከፈቱ ጠብቅ። ከዚያ 100 ቨርቹዋል ትሬድ አስነሳና እያንዳንዱ «ሰሌክት ስሊፕ 1» የሚለውን ኩዌሪ ይላክ፤ ዳታቤዙ አንድ ሰከንድ ተኝቶ የሚመልሰው ማለት ነው። የቨርቹዋል ትሬድ ስኬጁለሩን ፓራለሊዝም (በአንድ ጊዜ የሚሮጡትን ብዛት) በጄቪኤም ፍላግ 4 አድርገው፣ ባለ 4 ኮር ሰርቨር ላይ ያለህ እንዲመስል።

100 ኮኔክሽን፣ 100 ትሬድ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ። በተለመደው ትሬድ ብትሞክረው ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፈው። በቨርቹዋል ትሬድ ግን 25 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። አራት አራት እያሉ ነው የሚያልፉት። ሥራው ላይ እያለ በሌላ ተርሚናል ማይኤስኪውኤል ውስጥ ገብተህ «ሾው ፕሮሰስሊስት» በል። ከራስህ ሌላ መቶ ኮኔክሽን ይዘረዝርልሃል። ከነሱ ውስጥ አራቱ ስቴታቸው ላይ «ዩዘር ስሊፕ» ይላል፣ ኩዌሪውን እያስኬዱ ያሉት እነሱ ናቸው። የቀሩት 96ቱ «ስሊፕ» ይላሉ፣ እነሱ የምር ሥራ ፈት ናቸው። ሁለቱም እንቅልፍ ነው የሚለው፣ ግን አንዱ ደመወዝ እየበላ ነው። እኔ ይህን ዝርዝር የትኛውም ዳሽቦርድ ላይ ካለ ግራፍ አስበልጠዋለሁ፣ ምክንያቱም አራት የምትለው ቁጥር እዚያው ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ታፈጥብሃለች። ከየት መጣች ብለህ ስትጠይቅ ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

አራቱ ካሪየሮች ናቸው። ቨርቹዋል ትሬድ በራሱ ሲፒዩ ላይ አይሮጥም፣ የሚሸከመው እውነተኛ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትሬድ ያስፈልገዋል። ያ ተሸካሚ ካሪየር ይባላል፣ ብዛቱም በዲፎልት የኮሮችህን ያህል ነው። ቨርቹዋል ትሬዱ የኔትወርክ መልስ መጠበቅ ሲጀምር ከካሪየሩ ይወርዳል፣ ካሪየሩም ሌላውን አንስቶ ይሄዳል። መልሱ ሲመጣ ያገኘው ካሪየር ላይ ይሳፈራል። በመስመር ታክሲ እንደመሄድ ነው፦ ባንክ ጋ ስትደርስ ወራጅ ትላለህ፣ ታክሲው ሌላ ጭኖ ይነጉዳል፣ ጉዳይህን ስትጨርስ ቀጥሎ የመጣውን ትይዛለህ። አራት ታክሲ ለሺህ ሰው የሚበቃው ለዚህ ነው። ችግሩ ጃቫ 21 ላይ ሰውየው ሲንክሮናይዝድ ብሎክ (ጃቫ ራሷ በሎክ የምትጠብቀው የኮድ ክፍል) ውስጥ ሆኖ መጠበቅ ከጀመረ ታክሲው ወዲያው ኮንትራት መሆኑ ነው። ወረፋ ይዞ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል፣ ታክሲው ደጅ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ፒኒንግ ይባላል፤ ትሬዱ ካሪየሩ ላይ ተቸነከረ እንበል። ለምን ይቸነከራል? ሆትስፖት (ዋናው ጄቪኤም) የሲንክሮናይዝድን ሎክ ማን እንደያዘው የሚመዘግበው በካሪየሩ ስም ስለነበር ነው። ቨርቹዋል ትሬዱ ሎኩን እንደያዘ ቢወርድና ሌላ ቢሳፈር፣ አዲሱ ተሳፋሪ የማያውቀውን ሎክ የያዘ ሆኖ ይቆጠራል። ያ ደግሞ ዳታ ማበላሸት ነው። ስለዚህ የጃቫ ሰዎች መውረድን ከለከሉ። ነገሩን አልደበቁትም፣ ቨርቹዋል ትሬድን ያጸደቀው ሰነድ ማለትም ጄኢፒ 444 ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ስኬጁለሩ ለተቸነከሩት ማካካሻ ብሎ ካሪየር እንደማይጨምርም እዚያው ይናገራል። ግን ማን አንብቦ?

አሁን ወደ ድራይቨሩ። የማይኤስኪውኤል ፕሮቶኮል በአንድ ኮኔክሽን ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ነው የሚያስተናግደው። ኩዌሪ ልከህ መልሱን አንብበህ ሳትጨርስ ሌላ ትሬድ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ኩዌሪ ቢልክ ነገሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ ኮኔክተር ጄ እያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ ሎክ እንዲኖረው አደረገ፣ ከዚያ ኩዌሪ የሚያስኬደው ሜተድ በሙሉ በዚያ ሎክ ሲንክሮናይዝድ ሆነ። መላኩም፣ መልሱን መጠበቁም፣ ማንበቡም ብሎኩ ውስጥ ነው። በዘመኑ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። አንድ ትሬድ ሶኬት ላይ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ያው ራሱን ነው የሚያስጠብቀው፣ ሌላውን አይነካም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ፑል ስለምንጠቀም እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ኮኔክሽን ይዟል። ሎኩ ደግሞ የኮኔክሽኑ ነው። ስለዚህ ሎኩ ላይ ሽሚያ የለም፣ ዜሮ። ሎኩን የሚፈልገው አንድ ሰው፣ የያዘውም ያው ሰው። ሎክ ኮንቴንሽን ፈልግ ተብሎ ፕሮፋይለር የከፈተ ሰው ምንም አያገኝም፤ የሞኒተር (የሲንክሮናይዝድ ሎክ ማለት ነው) ወረፋ የሚመዘግበው የጄኤፍአር (የጄቪኤም የራሱ መቅጃ) ኢቨንት ባዶ ይወጣል፣ ብሎክድ የሚል ስቴት ያለው ትሬድም የለም። እውነተኛው ሽሚያ አራቱ ካሪየሮች ላይ ነው፣ እነሱን ደግሞ ማንም ሎክ ብሎ አይጠራቸውም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የያዛት፣ ማንም የማይነካበት ትንሽ ሎክ፣ ሁሉም የሚጋራውን ነገር አስይዛ ተቀምጣለች።

ሒሳቡን ስታየው ደግሞ ያማል። አንድ ኩዌሪ ሄዶ እስኪመለስ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። አንድ ካሪየር በሰከንድ 50 ኩዌሪ ያስተናግዳል፣ አራቱ 200። ከዚያ በላይ የለም፣ የፈለግኸውን ያህል ኮኔክሽን ፑሉ ውስጥ ብትከት። በድሮው ቶምካት በ200 ትሬድና በ50 ኮኔክሽን ያው ሰርቨር 2500 ድረስ የመሄድ ዕድል ነበረው። ባለ 2 ኮር ርካሽ ማሽን ላይ ከሆንክ ጣሪያህ 100 ነው። ኮንቴይነር ላይ አንድ ሲፒዩ ብቻ ሰጥተኸው ከሆነማ 50፤ መቶ ሰው ቢመጣ በአንድ በር ነው የሚያልፈው።

የሄልዝ ቼኩም ጉዳይ ከዚሁ ይመጣል። እሱም በቨርቹዋል ትሬድ ነው የሚስተናገደው፣ እሱም ካሪየር ይፈልጋል። ዳታቤዝ ባይነካም ወረፋው ያው ወረፋ ነው።

ለማየት ለምን አስቸገረ? አንዱ ምክንያት የለመድነው መሣሪያ ዓይኑ ታውሮ ስለነበር ነው። ጃቫ ሰው ሰርቪስ ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ትሬዶች ምን ላይ እንዳሉ ወደሚያሳየው መሣሪያ፣ ወደ ጄስታክ ነው። ጄስታክ ቨርቹዋል ትሬዶችን አያሳይም። ካሪየሮቹን ታያቸዋለህ፣ ቁጥሩ ይህ የሆነ ቨርቹዋል ትሬድ ተሸክመዋልም ይልሃል፣ የተሸከሙት ሰውዬ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ግን ዝም። ሥራ ፈት የሆነ ጄቪኤም ነው የሚመስለው። ትክክለኛው መንገድ የጄሲኤምዲ «ትሬድ ደምፕ ቱ ፋይል» ትእዛዝ ነው፤ ቨርቹዋሎቹንም ጨምሮ ፋይል ላይ ያወጣልሃል። እዚያ ውስጥ ምንም ስታክ (ትሬዱ ያለበት የሜተድ ጥሪዎች ዝርዝር) የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው ትሬዶች ተደርድረው ካየህ፣ ተፈጥረው ገና አንድም ጊዜ ካሪየር ያላገኙ ናቸው።

ነጥሎ የሚያሳይህ ግን ጄኤፍአር ነው። ቨርቹዋል ትሬድ ፒንድ የሚባል ኢቨንት አለው፣ በዲፎልት የተከፈተ ነው፣ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ የተቸነከረ ትሬድ ካለ ከነስታክ ትሬሱ ይመዘግብልሃል። ጃቫ 21 ላይ «ትሬስ ፒንድ ትሬድስ» የሚል ፍላግም ነበር፣ የተቸነከረውን ስታክ ኮንሶል ላይ ይተፋል። ኮኔክተር ጄ 8 ላይ ስትሞክረው ስታኩ ከታች ከሰርቪስህ ኮድ ይነሳል፣ በሂካሪ ያልፋል፣ ድራይቨሩ ውስጥ ይገባል፣ ላይኛው ጫፍ ሶኬት ማንበብ ላይ ቆሟል። መሐል ላይ የፕሪፔርድ ስቴትመንቱ «ኤክሰኪዩት ኩዌሪ» መስመር አጠገብ ትንሽ ቀስት ተደርጎ «ሞኒተርስ 1» ይላል። ያቺ ቀስት ናት ጠቅላላ ምርመራው። ሎክ ተይዟል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ኔትወርክ እየተጠበቀ ነው።

ጥገናው በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ሲንክሮናይዝድን አውጥተህ በሪኤንትራንት ሎክ ተካ። ሪኤንትራንት ሎክ በጃቫ ኮድ የተጻፈ ተራ ክላስ ነው፤ ባለቤቱን የሚመዘግበው በቨርቹዋል ትሬዱ በራሱ ስም ስለሆነ ሎኩን ይዘህ መውረድ ትችላለህ። በተግባር ግን አሰልቺ ሥራ ነው። ሲንክሮናይዝድ ብሎክ ከውስጡ በምንም መንገድ ብትወጣ፣ ኤክሰፕሽን ቢነሳ እንኳ፣ ሎኩን ራሱ ይለቃል። አዲሱ ራሱ አይለቅም፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ በትራይ ከበህ ፋይናሊ ውስጥ መልቀቅ አለብህ። አንድ ቦታ ከረሳህ ያ ኮኔክሽን ለዘላለም ተቆለፈ። ድራይቨሩ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ብሎክ በየሜተዱ ተበትኗል።

የፖስትግሬስ ድራይቨር ይህን ሥራ በ42.6.0 እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ጨርሶታል፣ ጃቫ 21 ከመውጣቱ ስድስት ወር ቀድሞ። ኮኔክተር ጄ ላይ ጥያቄው በባግ ቁጥር 110512 ተመዝግቦ ቆይቶ የተፈታው በ9.0.0 ነው፣ ጁላይ 2024። ጃቫ 21 ከወጣ አሥር ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጃቫም ማይኤስኪውኤልም የኦራክል ናቸው። ሁለቱም ኦራክል ሰን የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲገዛ አብረው ነው የመጡለት። በማኅበረሰብ የሚሠራው ድራይቨር ቀድሞ፣ አንድ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሳይነጋገሩ መቅረታቸው ትንሽ ያስቃል። የሥራ ብዛት ይሆናል፣ አልፈርድም፤ ግን ቨርቹዋል ትሬድን «ኮድህን ሳትቀይር» ብሎ ለዓለም የሸጠ ድርጅት ቢያንስ የራሱን ድራይቨር አብሮ ቢያወጣ ጥሩ ነበር።

በመሐል የነበሩት አሥር ወራት ሰው ምን ያድርግ? የስኬጁለሩን ፓራለሊዝም ወደ 50 ወይ 100 ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ያስታግሳል። ግን ካሪየር ማለት ያው ድሮ የምናውቀው ትሬድ ነው፤ ካሪየር ካበዛህ በዙሪያ ጥምጥም ወደ ድሮው ትሬድ ፑል ተመልሰሃል። በቀጥታ ኮንፊጉን ፎልስ ማድረግ ይሻላል። ሌላው አማራጭ የዳታቤዝ ሥራውን ለብቻው ለተለመደ ትሬድ ፑል መስጠት ነው፣ ቨርቹዋሉ ፊውቸር (ገና የሚመጣ ውጤት መያዣ) ላይ ይጠብቃል፣ እዚያ ሲጠብቅ አይቸነከርም። ይህ ይሠራል፣ አያምርም።

እስካሁን ያልኩት መንቀራፈፍ ነው። ጨርሶ መቆምም አለ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ያወጡት ጽሑፍ የዚህ የባሰው ዘመድ ነው። እነሱ ጋ ጥፋቱ የዳታቤዝ ድራይቨር ላይ አልነበረም፣ ሪኩዌስት የሚከታተለው የዚፕኪን ትሬሲንግ ላይብረሪ ላይ ነው። ጃቫ 21፣ ስፕሪንግ ቡት 3፣ ቶምካት፣ 4 ቪሲፒዩ ያለው ማሽን። ማሽኖቹ ሳይሞቱ መልስ መስጠት ያቆማሉ፣ «ክሎዝ ዌይት» (ሌላኛው ወገን ዘግቶት በዚህ በኩል ገና ያልተዘጋ) ላይ የቆሙ ሶኬቶች እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ትሬድ ደምፑ ውስጥ ስታክ የሌላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ቨርቹዋል ትሬዶች አገኙ። አራት ቨርቹዋል ትሬዶች ሲንክሮናይዝድ ብሎክ ውስጥ ሆነው አንድ ሪኤንትራንት ሎክ ይጠብቃሉ፣ አራቱም ካሪየር ላይ ተቸንክረዋል። አምስተኛው ቨርቹዋል ትሬድ ያንኑ ሎክ ይጠብቃል፣ ግን አልተቸነከረም። አንድ ተራ ትሬድም አለ። ሎኩን ማን ያዘው? ሂፕ ደምፕ (የሜሞሪውን ቅጂ) አውጥተው ኤክሊፕስ ማት በሚባለው መመርመሪያ ሲከፍቱት ማንም አልያዘውም። ሎኩ ተለቋል፣ ተራው የደረሰው ትሬድ ተቀስቅሷል፣ ግን ተነስቶ ሎኩን ለመውሰድ ካሪየር ያስፈልገዋል፤ አራቱን ካሪየር የያዙት ደግሞ ከኋላው የተሰለፉት ናቸው። እነሱ እሱን ይጠብቃሉ፣ እሱ የእነሱን ካሪየር ይጠብቃል። የተለመደው የዴድሎክ መፈለጊያ ይህን አይነግርህም፣ ምክንያቱም እሱ የሚፈልገው ባለቤት ያላቸውን ሎኮች ነው፣ እዚህ ግን አንደኛው «ሎክ» የካሪየር ወንበር ነው። ዳታቤዝ ድራይቨር ላይም ሁኔታው ከተገጣጠመ ይኸው ነው የሚሆነው፤ ሲንክሮናይዝድ ሜተድ ውስጥ ሆነህ ከፑል ኮኔክሽን ብትጠይቅና ኮኔክሽኑን የያዘው ሰው ካሪየር አጥቶ ቢቀር፣ ክቡ ተዘጋ።

የመጨረሻው ጥገና የመጣው ከጃቫ ከራሱ ነው። ጄኢፒ 491 የሞኒተር ባለቤትነት በቨርቹዋል ትሬዱ ስም እንዲመዘገብ አደረገ፣ በጃቫ 24 ውስጥ በማርች 2025 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲንክሮናይዝድ አይቸነክርም። ያ «ትሬስ ፒንድ ትሬድስ» ፍላግም ሥራ ስለሌለው ተነሳ። ሎንግ ተርም ሰፖርት (ለረጅም ጊዜ ጥገና የሚያገኝ ቨርዥን) ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው 25 ይህን ይዟል። ኔቲቭ ኮድ (ከጃቫ ውጭ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ) ውስጥ ሆኖ መጠበቅ አሁንም ይቸነክራል፣ እሱ ገና አልተፈታም።

21 ላይ ያላችሁ ግን አሁንም ችግሩ ውስጥ ናችሁ፣ እና ብዙ ሰው 21 ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። ድራይቨሩን እኔ አልመረጥኩም፣ ስፕሪንግ ነው ያመጣልኝ ካላችሁ የዲፔንደንሲ ዝርዝሩን ክፈቱና ቨርዥኑን እዩ። ስፕሪንግ ቡት 3.2 እና 3.3 ከራሳቸው የሚያመጡት የ8 ቤተሰብ ነው፣ 3.4 ነው 9 የሚያመጣው። የድሮው ስም ያለው ጃር፣ ማለትም በ8.0.31 ስሙ ከመቀየሩ በፊት የነበረው፣ በሌላ ላይብረሪ በኩል ሾልኮ ገብቶ አብሮ እንዳልተቀመጠም ተመልከቱ። የራሳችሁንም ኮድ እዩ። ሲንክሮናይዝድ ሜተድ ውስጥ ሆኖ ሪፖዚተሪ (ዳታቤዙን የሚያነጋግረው ክፍል) የሚጠራ ኮድ ካለ፣ ድራይቨሩን 9 ብታደርጉትም ትሬዱን እናንተው ናችሁ የምትቸነክሩት።

ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፣ ብትዘጋጁበት ይሻላል። ካሪየሮቹ ሲለቀቁ የሺህ ሰው ሰልፍ ተነስቶ የኮኔክሽን ፑሉ በር ላይ ይቆማል። የሂካሪ ዲፎልት 10 ኮኔክሽን ነው። በ20 ሚሊሰከንድ ኩዌሪ ያ ማለት በሰከንድ 500 ነው፣ ከዚያ በላይ የመጣው ይጠብቃል፣ 30 ሰከንድ ሲሞላው ኮኔክሽን አልተገኘም የሚለውን ኤክሰፕሽን ይወረውርልሃል። ድሮ 200 የነበረው የቶምካት ጣሪያ ሳናውቀው ዳታቤዙን ይጠብቅልን ነበር፣ አሁን የለም። ስለዚህ ፑሉ ላይ የሚጠብቁትን ብዛት የሚያሳየውን የሂካሪ ሜትሪክ ግራፍ ላይ አውጡት፣ ዳታቤዝ የሚነካውን መንገድ በሴማፎር (በአንድ ጊዜ የሚያልፉትን ብዛት በሚወስን ቆጣሪ) ገድቡት፣ የ30 ሰከንዱንም ታይምአውት ወደ ሁለት ወይ ሦስት ሰከንድ አውርዱት። ሰላሳ ሰከንድ ቆሞ የሚጠብቅ ተጠቃሚ የለም፣ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጎ ሰልፉን በእጥፍ ነው የሚያረዝመው።